ከዳንግላ ይዘነው የተመለስነው ድንጋይ

ከቤቴ በር በስተግራ፣ ከአጥሩ ሥር አንድ ጥቁር ድንጋይ አለ። መጠኑ የድፎ ዳቦ ግማሽ ያህላል፤ አንድ ጎኑ ለስላሳ፣ ሌላው ሸካራ ነው። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ከዚያ እንዳነሣው ስንት ጊዜ ነግራኛለች። ዶሮ ይቆምበታል፣ እንግዳ ይደናቀፍበታል እያለች። እሺ እላታለሁ፤ አላነሣውም። በኋላ ምክንያቱን ስትሰማ ነገሩን ትታ፣ ጠዋት ጠዋት ደጁን ስትጠርግ ዙሪያውን ብቻ ጠርጋ ታልፈው ጀመር።

ባለፈው ወር የልጅ ልጄ ቢኒያም መጥቶ በዚህ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ይህን የምጽፈው እሱ ተቀምጦ ስለነገረኝ ነገር ነው፤ ግን ከሥሩ ካልጀመርኩት አይገባችሁም።

ቢኒያም ዐሥራ አራት ዓመቱ ነው። የሚሠለጥንበት የታዳጊዎች እግር ኳስ ማሠልጠኛ ወደ ውጭ አገር ሄዶ፣ ከብዙ አገር ልጆች ጋር ተጋጥሞ ዋንጫውን ይዞ ተመለሰ። እንጅባራ ሲገቡ የባጃጁ ክላክስ ጆሮ ያደነቁር ነበር። ከጥሊሊም ከዳንግላም ሰው በሚኒባስ እየተጫነ መጥቶ አስፋልቱን ሞላው። እኔም ከዕድሜ እኩዮቼ ጋር አንድ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ አጨበጨብኩ። ቢኒያም ከመኪናው ላይ ሆኖ ዋንጫውን ከፍ አድርጎ ሲያሳየኝ እንባዬ መጣ። አጠገቤ የነበሩት የደስታ ነው አሉ። ደስታም ነበር። ግን እኔም በዚያው መንገድ፣ በጭነት መኪና ላይ ሆኜ፣ ዋንጫ ይዤ የገባሁበት ቀን ትዝ ብሎኝ ነው። ያ ቀን ሲታወሰኝ ደስታው ብቻውን መጥቶልኝ አያውቅም።

ልጅ እያለሁ እንጅባራን ሰው ሁሉ ኮሶበር ይላት ነበር። ቆርቆሮ የለበሰው ቤት በጣት የሚቆጠር ነው። ዛሬ ተራራው ሁሉ ለከሰል በሚተከለው፣ ዲከረንስ በሚሉት ዛፍ ተሸፍኗል፤ ያኔ ገብስና ድንች፣ በየሸለቆው ደግሞ ቀርከሃ ነበር። የእኛ ቤት ወደ ዘንገና ነው። ከሐይቁ አፋፍ ተነሥቼ ትምህርት ቤት እስክደርስ ፀሐይ ትወጣለች፣ ሣሩ ላይ ያደረው አመዳይ ከእግሬ ሥር ይንኮሻኮሻል። ቤት ውስጥ የምንነጋገረው በአዊኛ፣ ክፍል ውስጥ በአማርኛ ነው። ሜዳ ላይ ግን ሁለቱንም ቀላቅለን እንጮህ ነበር።

እግር ኳስን ያመጡልን መምህር ውብሸት የሚባሉ የደብረ ማርቆስ ሰው ናቸው። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ኮታቸውን ቆልፈው የሚሮጡ መምህር ነበሩ። በትምህርት ቤታችን አንድ የቆዳ ኳስ ብቻ ነበረች፤ እሷንም የሚያወጧት ለግጥሚያ ነው። ሌላውን ቀን የምንለማመደው በጨርቅ ኳስ ነበር። ዓርብ ዓርብ ኳሷን አምጥተው በተራ በተራ ሞራ ያስቀቡናል፣ በውስጧ ያለው ከመነዳሪ እንዳይተነፍስ ጠፍሯን እንዴት እንደምናጠብቅ ያሳዩናል። የሞራና የእርጥብ ቆዳ ሽታ ዛሬም የሆነ ቦታ ሲሸተኝ፣ ያቺ ኳስ ከደረቴ የተጣበቀች ይመስለኛል። የግቡን ቋሚ ከቀርከሃ ነበር የሠራነው። ሰው ሲጋጨው ይጎብጥና ተመልሶ ይቆማል፤ ስለዚህ ቋሚ ሰው ይጎዳል ብሎ ያሰበ ከመካከላችን አልነበረም።

መምህር ውብሸት ከሁሉ በፊት ያስተማሩን ለፊሽካ መታዘዝን ነው። ፊሽካ ሲነፋ ትቆማላችሁ፣ ፊሽካ ካልተነፋ አትቆሙም። ሰው ቢወድቅ፣ ዝናብ ቢመጣ፣ እናታችሁ ብትጠራችሁ አትቆሙም። ይህን ያሉት እንዲያው አልነበረም። እኛ ሁላችን የፈረሰኛ ልጆች ነበርን፤ አንድ ልጅ ገፍተን ከጣልን ጨዋታውን ትተን ዙሪያውን እንቆማለን። መምህሩ ይናደዳሉ፣ ራሳቸውን ይይዛሉ። የኛ መቆም ከየት እንደመጣ አላወቁትም።

የመጣው ከጉግስ ነው። አባቴ በአካባቢው የታወቁ ፈረሰኛ ነበሩ፤ በስማቸው የሚጠራቸው የለም፣ በግንባሩ ላይ ነጭ ባለው ፈረሳቸው ስም አባ ቦራ ይባሉ ነበር። በዚያው ዓመት በጥር ጊዮርጊስ፣ ከሜዳው ጥግ ቆሜ ያየሁትን አልረሳውም። አባቴ አንድ ጎልማሳ እያባረሩ ነበር። ዘንጋቸውን አንሥተው ሊወረውሩ ሲሉ የሰውየው የኮርቻ ማሰሪያ ተበጠሰና ከነጋሻው ተንከባለለ። አባቴ ልጓሙን ሳቡት፣ ቦራ በኋላ እግሩ ቆመ። ከፈረሳቸው ወረዱ፣ ሰውየውን አነሡት፣ አቧራውን አራገፉለት፤ ከዚያ በራሳቸው ፈረስ አስቀምጠው እሳቸው በእግራቸው እየሳቡ ወደ ወገኖቹ መለሱት። ያን ቀን ብዙ ሰው ዘንግ አስነክቷል፣ ብዙ ሰው ፎክሯል፤ እልልታው ግን ለዚያ ነበር የቀለጠው። ከፈረስ የወረደን ሰው አይመቱም። ይህን ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማረኝም፤ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ነው።

አባቴ ኳሴን አይወዱትም ነበር። ቆዳ ተከትሎ መሮጥ ምን ቁም ነገር አለው ይላሉ። ፈረስ እንድማር፣ በሚቀጥለው ጥር ከጎናቸው እንድወጣ ነው ሐሳባቸው። እኔ ደግሞ አንድ ቀን ሜዳ ላይ ሳለሁ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ይሄ የማነው ልጅ ሲባል የአባ ቦራ ነው እንዲባልልኝና እሳቸውም እንዲሰሙት ነበር ምኞቴ። በፈረስ አልሆነልኝም፤ ፈሪ ነበርኩ። በኳስ ግን ከሁሉም እበልጥ ነበር። ያ ዓመት ሲመጣ ልቤ ሌላ ነገር አይመኝም ነበር፤ አባቴ መጥተው ይዩኝ፣ አይተውም ይኩሩብኝ፣ ይኸው ነው።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ከሱዳን የተማሪዎች ቡድን ወደ ዳንግላ እንደሚመጣ ተሰማ። የዳንግላ፣ የባሕር ዳርና የኛ ትምህርት ቤት ከነሱ ጋር አራት ሆነው ለአንድ ዋንጫ እንዲጋጠሙ ተወሰነ። መምህር ውብሸት ሁለት ሽማግሌ ይዘው ቤታችን መጡ። ኳሱን ሲያወሩላቸው የአባቴ ፊት አልተፈታም። ከሰው አገር ድረስ እንግዳ መጣ ሲሏቸው ግን ቀና አሉ። እንግዳ መጥቶ እኛ ሳንወጣ ብንቀር ነውር ነው አሉና ፈቀዱልኝ። እናቴ አዲስ ያሠራችውን ጋቢ ለብርዱ ብላ ሰጠችኝ።

የሄድነው እህል በጫነ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ነው፣ ከጆንያው ላይ ተደርድረን። ዳንግላ ስንደርስ አቧራ ለብሰን ዱቄት የተነሰነሰብን እንመስል ነበር። ማረፊያችን የዳንግላ ትምህርት ቤት ክፍሎች ነበሩ፤ ሱዳኖቹም ከኛ ግድግዳ ጎን ተሰጣቸው። ረጃጅም፣ ጨዋታ የሚወዱ፣ ብርዱ ያንገበገባቸው ልጆች ነበሩ። በረኛቸው ኢድሪስ ይባላል። ቅዳሜ እኛ ባሕር ዳርን፣ እነሱ ዳንግላን አሸንፈን ስናበቃ ከውኃው ጉድጓድ አጠገብ እጅ ስንታጠብ ተገናኘን። እኔ በመጽሐፍ የተማርኳት እንግሊዝኛ ነበረችኝ፣ እሱም እንደዚያው። ስምህ ማነው፣ ስንተኛ ክፍል ነህ ተባባልን፤ ከዚያ ሌላ የምንለው ቃል አጣን። እሱ ከኪሱ ተምር አወጣ፣ እኔ ቆሎ አወጣሁ። ቆሞ ሲበላ ጥርሱ በብርድ ይንቀጫቀጭ ነበር። የእናቴን ጋቢ አውልቄ ደረብኩለት። ሊመልስልኝ ሲል እስክትሄዱ ያዘው አልኩት፣ በእጄ ምልክት። ሳቀና ተከናነበው፤ አከናነቡ እንደ አሮጊት ስለነበር ጓደኞቹ ሁሉ ሳቁበት።

አባቴ ዳንግላ መጥተው ነበር። ዘመድ ልጠይቅ ብለው እንደተነሡ ነው ያወሩት፤ ዘመዱን ግን ከዚያ በፊት ለስንት ዓመት ጠይቀውት አያውቁም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሜዳው በሰው ሲጨናነቅ፣ ከሜዳው ዳር ባለው ዋርካ ሥር ከሽማግሌዎች መካከል ቆመው አየኋቸው። ቦራ በጩኸቱ እንዳይደነብር ራቅ አድርገው አስረውታል። ሁለት እጃቸውን በዘንጋቸው ላይ ደርበው ወደኔ ይመለከታሉ። እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም።

የዳንግላ ሜዳ ግብ ከወፍራም ባሕር ዛፍ የተሠራ ነበር። ሱዳኖቹ ከኛ ይሻላሉ፤ ጫማ አላቸው፣ ሲቀባበሉ ኳሷን ከመሬት አያስነሷትም። እኛ ሩጫና ደረት ነበረን። ባዶ ለባዶ እንደሆንን ሊያበቃ ጥቂት ሲቀር፣ ከመሐል የተመታች ኳስ ከተከላካዮቹ ጀርባ አረፈች። ሮጥኩ። ኳሷ ወደ አንዱ ቋሚ ስትንከባለል ኢድሪስም ወደዚያው ሮጠ። ልደርስ ስል እሱ ቀድሞ ሊይዛት ተወረወረ፣ ኳሷ ከጣቱ ነጥራ ወደኔ ዞረች፣ እሱ ግን ሲወረወር ራሱ ከቋሚው ጋር ተላተመ። ድምፁን ሰማሁት። ቀርከሃ ቢሆን ይጎብጥ ነበር። ባሕር ዛፉ አልጎበጠም። ኢድሪስ በፊቱ ተደፍቶ ዝም አለ።

ከዚያ የሆነውን ነገር ስድሳ ዓመት ሙሉ ሳየው ኖሬያለሁ። ሁሉም ቆሙ። ሱዳኖቹ ቆሙ። ጓደኞቼም ቆሙ፤ ያ ሁሉ የመምህር ውብሸት ቁጣ አልጠቀመም፣ ሁሉም የፈረሰኛ ልጅ ሆኖ ባለበት ደረቀ። ፊሽካ ግን አልተነፋም። ዳኛው ራቅ ብሎ ነበር፣ ያየውም አልመሰለኝም። ኳሷ ከእግሬ ሥር ናት፣ ግቡ ባዶ ነው፣ ዋርካው ሥር አባቴ አሉ። ሁለቱንም ሕግ አውቃለሁ፣ የፊሽካውንም የፈረሱንም። አላውቅም ነበር ብዬ ራሴን ሸንግዬ አላውቅም። ኳሷን ከኢድሪስ አካል በላይ አሳልፌ ወደ ባዶው ግብ መታኋት።

ፊሽካው የተነፋው ለግቡ ነው። ሰው እንደ ጎርፍ ሜዳውን አጥለቀለቀው፣ ተሸከሙኝ፣ ወደ ላይ ወረወሩኝ። ይሄ የማነው ልጅ ሲሉ ሰማሁ። የአባ ቦራ ነው ሲሉም ሰማሁ። ያን ጊዜ ዓይኔ አባቴን ፍለጋ ወደ ዋርካው ዞረ፤ ቦታቸው ባዶ ነበር። ወደ ሌላ በኩል ሄደው ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የአውራጃው ሹም ዋንጫውን ሲያስረክቡን፣ መምህር ውብሸት ኮታቸውን ፈትተው እንደ ልጅ ሲያለቅሱ፣ ያጨበጨበልኝ ሰው ሁሉ እጁ ሲቀላ፣ እኔ ሰው እየገፋሁ አባቴን እፈልግ ነበር። ወደ ግቡ በኩል አልሄድኩም። ሄጄ ባይ የማየውን ስለፈራሁ ነው፤ ማታም ከግድግዳው ማዶ ወዳለው ክፍላቸው ብቅ አላልኩም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ኮሶበር ገባን። እናቶች እልል እያሉ መንገዱ ላይ ወጡ፣ ከመኪናው ሲያወርዱኝ ዳቦ አስያዙኝ። ከከተማው እስከ ዘንገና ያለውን መንገድ ዳቦውን ታቅፌ ሮጥኩ። አባቴ ከበረቱ ደጃፍ ቦራን በጭድ እያሹት ነበር። ጉልበታቸውን ሳምኩ። ራሴን በእጃቸው ነካ አደረጉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ስለ ዋንጫው አወራሁ፣ ስለ ሹሙ አወራሁ፣ ስለ እልልታው አወራሁ። ፈረሱን ጨርሰው ጭዱን መሬት ላይ ጣሉት።

«ልጁ ተነሣ ወይ?» አሉኝ።

«የትኛው ልጅ?» አልኩ። የትኛው እንደሆነ ጠፍቶኝ አልነበረም።

«የወደቀው።»

መሬት ብትከፈትልኝ እገባ ነበር። አላየሁም አልኩ። እሳቸውም ሰዉ ስለጋረዳቸው እንዳላዩ፣ ቆመው ለማየት ግን ፊት እንዳጡ በቀስታ ነገሩኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ፣ ቢገርፉኝ ደስ ይለኝ ነበር። «እንግዳ ነበር እኮ» ብቻ አሉና ወደ ቤት ገቡ። እናቴ ጋቢውን የት እንዳደረስኩት ስትጠይቀኝ ለእንግዳው እንዳዋስኩት ነገርኳት፤ አባቴ ይህን ሰምተው ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

ጠዋት ሲነጋጋ ቀሰቀሱኝና ወደ ሐይቁ ዳር ወረድን። መሬቱን በዓይናቸው ፈልገው ይህን ጥቁር ድንጋይ መረጡ፤ አንሣው አሉኝ። ገባኝ። የበደለ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ የተበደለው ሰው ደጅ ሲገባ በአገራችን ሁሉም አይቷል። ድንጋዩን ከማጅራቱ የሚያወርድለት ያ የተበደለው ነው፤ ሲያወርድለት ይቅር ለእግዚአብሔር ይባባላሉ። ልጅ ሲሸከም ግን አይቼ አላውቅም። አባቴ ድንጋዩን ስልቻ ውስጥ ከተው ከኮርቻው ጋር አሠሩት፣ እኔን አፈናጠጡኝ፣ ወደ ዳንግላ ተጓዝን። ጉዞው ቀኑን ሙሉ ሊባል የሚችል ጊዜ ፈጀብን። ስልቻው በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበቴን ይመታ ነበር።

ከትምህርት ቤቱ በር አባቴ ድንጋዩን ከስልቻው አውጥተው በማጅራቴ ላይ አደረጉት። ነጠላቸውን አደገደጉና ከጎኔ ቆሙ፤ እሳቸውም ባዶ እጃቸውን አጎነበሱ። አባቴ ለማንም ሲያጎነብሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እንዲህ ሆነን ስንገባ ዘበኛው አዩን። ሽማግሌ ሰው ነበሩ፤ ነገሩ ወዲያው ገብቷቸው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

እንግዶቹ በጠዋት ሄደዋል። ዘበኛው የሚያውቁትን ሁሉ ነገሩን፤ ብዙ አልነበረም። ልጁን እሑድ ማታውኑ ሐኪም ጋ ወስደው መልሰውታል። ሰኞ ቀኑን ሙሉ ከክፍሉ አልወጣም። ዛሬ ሲሄዱ ጓደኞቹ በቃሬዛ አውጥተው መኪናው ላይ ጫኑት። ይንቀሳቀስ ነበር ወይ ብለው አባቴ ጠየቁ። እሱን አላየሁም አሉ ዘበኛው፤ ከራሱ እስከ እግሩ በነጭ ጋቢ ተጠቅልሎ ነበር።

አባቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ «ጋቢው እንኳ ደርሶለታል» አሉ።

ዘበኛው አዘኑልኝና ድንጋዩን ከማጅራቴ ሊያወርዱልኝ እጃቸውን ዘረጉ። እኔ በሽማግሌነቴ ልቀበለው፣ ልጁ ሕፃን ነው አሉ። አባቴ እጃቸውን በቀስታ ያዙት። የሚያወርድለት ባለቤቱ ነው፣ እኔና እርስዎ ምን ሥልጣን አለን አሏቸው። ድንጋዩን ራሳቸው ተቀብለው ወደ ስልቻው መለሱት፣ ተመልሰንም መጣን። ቤት ስንደርስ ከበሩ በስተግራ አስቀመጡት፣ አልጣሉትም።

መምህር ውብሸት ነገሩን ሲሰሙ ለሱዳኖቹ ትምህርት ቤት ደብዳቤ ጻፉ፣ መልስ አልመጣም። ደግመው ጻፉ። በሁለተኛው ዓመት ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወሩና ነገሩ በዚያው ቀረ። እኔም በኋላ ራሴ መምህር ሆኜ ዳንግላ ስመደብ፣ ወደ መተማ የሚወርዱ ነጋዴዎችን ኢድሪስ የሚባል፣ በልጅነቱ ኳስ በረኛ የነበረ ታውቁ እንደሆን እያልኩ እጠይቅ ነበር። በሱዳን ስንት ኢድሪስ አለ መሰለህ እያሉ ይስቁብኛል። ዋንጫው በትምህርት ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ብዙ ዓመት ኖረ፤ ጥሩ ተጫዋች እንደነበርኩ የሚያውቁ ሰዎችም ለምን ኳስ እንደተውኩ ይገርማቸው ነበር። አባቴ ስለዚያ ቀን ዳግመኛ አላነሡም። በሚቀጥለው ጥር ከጎኔ ውጣ አላሉኝም፣ እኔም ልውጣ አላልኩም። ሲሞቱ፣ ፈረሳቸው ተሸልሞ በለቅሶው መካከል ሲሳብ፣ ልጓሙን የያዝኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ቤት ስሠራ ከአባቴ ቤት ያመጣሁት የመጀመሪያው ዕቃ ይህ ድንጋይ ነው።

እንግዲህ ቢኒያም በዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ስልኩን አወጣ። አባባ ጨዋታችንን ላሳይዎ ብሎ ወደኔ ጠጋ አለ። ሜዳው እንደ ምንጣፍ የተነጠፈ ሣር ነው፣ ልጆቹ ሁሉ ጫማ አላቸው፣ ዳኞቹ አራት ናቸው። የኛ ዘመን ሰዎች ብታዩት ይገርማችኋል፤ ውኃ እንኳ የሚያቀርብላቸው ሰው አለ። ቢኒያም ኳስ ይዞ በቀኝ በኩል ሮጠ። ሲሮጥ እኔን ይመስላል፣ አንገቱን ቀድሞ። አንዱን አለፈ። ሁለተኛው ሊቀማው ሲሞክር እግሩ ታጠፈና ወደቀ፣ ጉልበቱን ይዞ ተጠቀለለ። ከቢኒያም ፊት በረኛው ብቻ ቀረ። ከዚያ ስልኩ ቆመ። ቢኒያም ኔትወርኩ ነው አባባ፣ አሁን ይመለሳል አለኝ። ምስሉ ላይ ልጁ እንደወደቀ ነው፣ ኳሱም በቢኒያም እግር ሥር ነው።

ጠበቅን፣ አልተመለሰም።

«ልጁ ተነሣ ወይ?» አልኩት።

«የትኛው ልጅ?»

ከስድሳ ዓመት በፊት ከራሴ አፍ የወጣው ቃል ነበር። «የወደቀው» አልኩ፣ እንደ አባቴ።

«እሱማ ተነሣ። ኳሱን ወደ ውጭ አውጥቼ እኔ ነኝ ያነሣሁት» አለ። ነገሩ ለምን እንደሚጠየቅ እንኳ አልገባውም። ሰው ሲወድቅ እንዲያ እንደሚደረግ፣ ሁሉም ቡድን እንዲያ እንደሚያደርግ፣ በኋላም ልጁ ደህና ሆኖ እስከ መጨረሻው እንደተጫወተ እየነገረኝ ስልኩን ይነካካ ነበር። እኔ ግን መስማት ትቼ ነበር።

ያኔ ሁለት ሕግ ነበረን፤ አንዱ ከፈረስ ሜዳ፣ አንዱ ከፊሽካ። የዛሬ ልጆች ሁለቱን አንድ አድርገው ተቀብለዋቸዋል። አባቴ ኳስ በእግራቸው ነክተው የማያውቁ ሰው፣ ዛሬ ዓለም ሁሉ በኳስ ሜዳ የሚያደርገውን ያውቁት ነበር። እኔ በሁለቱ መካከል አንዲት ቅጽበት ነበረችኝ፣ እሷን አበላሸሁ። ተነሥቷል አባዬ ብዬ ብነግራቸው እንዴት በወደድኩ፤ ግን የተነሣው ሌላ ልጅ ነው። የኔው በነጭ ጋቢ ተጠቅልሎ እንደሄደ ነው። በሕይወት ኖሮ የልጅ ልጅ አይቶ እንደሆነ፣ ወይም ያን ጊዜውኑ መንገድ ላይ ቀርቶ እንደሆነ ሳላውቅ እኔም ልሄድ ነው።

ቢኒያም ፊቴን አይቶ ምን ሆኑ አባባ አለኝ። እስከዚያ ቀን ከባለቤቴ በቀር ለማንም ያልነገርኩትን ሁሉ ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማ። ስጨርስ ብድግ ብሎ የተቀመጠበትን ድንጋይ ተመለከተ፤ ጎንበስ አለና አነሣው፣ ክብደቱን በሁለት እጁ ትንሽ ይዞት ቆየ፣ ከዚያ በነበረበት ቦታ፣ በነበረበት ጎኑ መልሶ አስቀመጠው።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ መጥቶ ጠይቆኛል። ሦስቱንም ጊዜ የተቀመጠው ሣሩ ላይ ነው።